ምዕራፍ ሦስት፦ ለአንድ ሴሚስተር የሚበቃ ታሪክ

የታሪክ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አምጡ ሲባሉ ደጋግሞ የሚመጣው ስም ዐድዋ ነው። አያስገርምም። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግነው፣ የካቲት 23 በመጣ ቁጥር አደባባይ የምንወጣለት ታሪክ ነው። ችግሩ የሚመጣው ተማሪው ብዕር ሲያነሣ ነው። የተፈቀደለት ሠላሳ ገጽ ነው እንበል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከተፈረመው የውጫሌ ውል ይነሣል፤ አንቀጽ 17 ያስነሣውን ክርክር ያብራራል፤ የክተት ዐዋጁን፣ የአምባላጌን ውጊያ፣ የመቀሌን ከበባ እያለፈ ዐድዋ የሚደርሰው ሃያ ስምንተኛው ገጽ ላይ ነው። ለውጊያው ሁለት ገጽ ቀረችው። የጻፈው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከእሱ በፊት ሌሎች ያልጻፉት አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አይገኝበትም።

ይህን የተማሪ ስንፍና አድርገው የሚያዩ መምህራን አሉ። እኔ አልስማማም። ሰባት ዓመት የፈጀን ታሪክ በሠላሳ ገጽ ጻፍ የተባለ ሰው ምርጫ የለውም፤ ትጉሕም ይሁን ሰነፍ፣ ሌሎች በትልልቅ መጻሕፍት ያተቱትን ማሳጠር ግድ ይሆንበታል። አንድን ደብዳቤ ይዞ ሁለት ቀን የሚቆይበት፣ ሁለት ምስክሮች ለምን እንደተለያዩ የሚያሰላስልበት ጊዜ ርእሱ አልሰጠውም። ተማሪው የተሸነፈው ገና ቤተ መጻሕፍት ሳይገባ፣ ርእሱን በጻፈበት ዕለት ነው።

ስለዚህ ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ከምርምሩ ሥራ ሁሉ ስለሚቀድመው ውሳኔ ነው። ብዙ መማሪያ መጻሕፍት በአንድ አንቀጽ ያልፉታል፤ «ርእሱ ጠባብና የሚሠራ ይሁን» ይሉና ወደ ግርጌ ማስታወሻ አጻጻፍ ይሻገራሉ። እንዴት እንደሚጠብ የሚያሳይ ሰው ሲጠፋ ተማሪው «ዐድዋ» የሚለውን ሰርዞ «የዐድዋ ጦርነት መንሥኤና ውጤት» ብሎ ይመለሳል። ርእሱ ረዘመ እንጂ አልጠበበም።

ሠራዊቱ ምን በላ?

እስቲ ከዐድዋ ሳንወጣ እናጥብበው። በመስከረም 1888 የክተት ዐዋጅ ሲነገር አገሪቱ ከክፉ ቀን ከወጣች ገና ብዙም አልቆየችም። ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው የደስታ በሽታ ከ1880 ጀምሮ በሬውን ሁሉ ፈጅቶት ነበር። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት፤ እስከ 1884 ድረስ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው አለቀ። ይህ በሆነ በአራተኛው ዓመት፣ ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሠራዊት ከየአገሩ ተነሥቶ ለወራት ወደ ሰሜን ተጓዘ። ምን በላ?

ጥያቄው ከ«ዐድዋ ጦርነት» እጅግ የጠበበ ነው። ሲገቡበት ግን ጓዳው ብዙ ነው። ስንቁን ማን አዘጋጀ፣ ማንስ ተሸከመው? ከወታደሩ ጋር የተጓዙት ሴቶችና አሽከሮች ቁጥራቸው ምን ያህል ነበር? ምኒልክ በ1880ዎቹ አጋማሽ ለወታደሩ ቀለብ እንዲሆን ያስጀመሩት የአሥራት ግብር ለዘመቻው ምን አስገኘ? በጉዞው መንገድ ላይ የነበረው ገበሬ፣ በተለይ ሠራዊቱ ለሳምንታት የሰፈረበት የትግራይ ገበሬ፣ ምን ቀረለት? ደግሞም ጥያቄው ትንሽ መስሎ ትልቁን ይነካል። በየካቲት 1888 በሁለቱም ወገን ቀለብ እያለቀ ነበር። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባራቲየሪ ለጥቂት ቀናት የሚበቃ ስንቅ ብቻ ቀርቶት ወደ ኋላ ልመለስ ወይስ ልግጠም እያለ ያመነታ ነበር፤ የምኒልክ ሰፈርም እዚያው ብዙ መቆየት አይችልም ነበር። ያ ውጊያ በዚያች እሑድ ማለዳ ለምን ሆነ የሚል ሰው መልሱን በከፊል ጎተራ ውስጥ ያገኘዋል።

ጠባብ ርእስ ስል ይህን ማለቴ ነው። የታሪኩን ታላቅነት አይቀንስም፤ አንድ በር መርጦ ይገባበታል።

ነገር ግን የጠበበ ሁሉ የሚሠራ አይደለም። የስንቁን ጥያቄ የመረጠች ተማሪ ብዙ ሳትሄድ ከአንድ ግድግዳ ጋር ትጋጫለች፤ የዘመቻው ሰነድ ትልቁ ክፍል የተጻፈው በጣሊያንኛ ነው። የመኮንኖቹ ዘገባ፣ የስለላ ወሬው፣ ከውጊያው በኋላ የወጡት ማስታወሻዎች ሁሉ ጣሊያንኛ ናቸው። ቋንቋውን ካላወቀች አንድ ሴሚስተር አያስተምራትም። እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። ርእሱን መተው፣ ወይም አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ፤ «በዘመኑና ለዘመኑ በቀረበ ጊዜ በአማርኛ የተጻፉ ምንጮች የዐድዋን ዘመቻ ስንቅ እንዴት ይተርኩታል?» ብሎ መጠየቅ። አሁን የምታነብበው ይታወቃል። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል አለ፤ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ዳግማዊ ምኒልክ» አለ፤ የግብሩን ሥርዓት ለመረዳት ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» አለ። የሚነበበው በእጇ ነው፤ ቋንቋው የራሷ ነው፤ የምታገኘውም ነገር የራሷ ሊሆን ይችላል። ይህን እንደ ማፈግፈግ የሚያይ ቢኖር ተሳስቷል። የጣሊያንኛውን ምንጭ ሳያነቡ ያነበቡ ከሚያስመስል ጽሑፍ፣ በአማርኛው ላይ ቆሞ ወሰኑን በግልጽ የሚናገር ጽሑፍ እጅግ ይበልጣል።

ምንጩ ሲቀድም

በትምህርት ቤት የለመድነው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ርእስ መምረጥ፣ ቀጥሎ ምንጭ መፈለግ ነው። በእኔ እምነት ለጀማሪ ተመራማሪ መገልበጥ አለበት። ታሪክ የሚጻፈው ከቀረው ነገር ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ ምን እንደቀረ ማየት ይገባል። ርእሱን በቁርጥ ሳትጽፉ ወደ ወመዘክር ሂዱ፤ ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሂዱ፤ የክልል ተማሪዎች ከሆናችሁ የከተማችሁ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ምን እንዳለው ጠይቁ። ዘርፉን ብቻ በልባችሁ ያዙ፤ ንግድ፣ ትምህርት፣ መሬት፣ ሕመም፣ የፈለጋችሁትን። ከዚያ ወረቀቱ ራሱ ርእስ ይጠቁማችኋል።

ለምሳሌ ትምህርት የሚስበው ተማሪ በ1917 መታተም የጀመረውን «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ቅጾች ቢያገላብጥ፣ የዘመኑ ሰዎች ስለ ትምህርትና ስለ ሥልጣኔ የተከራከሩበትን ገጽ ያገኛል። «የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ በኢትዮጵያ» ብሎ መነሣት አያስፈልገውም፤ በአንድ ጋዜጣ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ትምህርት ለማን ይገባል የሚለው ክርክር እንዴት እንደሄደ ቢያሳይ ይበቃል። ሕግና አስተዳደር የሚወድ ከ1934 ጀምሮ የወጣውን ነጋሪት ጋዜጣ በቀን በቀኑ ያገኘዋል። የከተማ ኑሮ የሚወድ ደግሞ ማንም የማይጠረጥረው ሀብት በሰፈሩ አለ፤ የእድር መዝገብ። ማን መቼ ገባ፣ ስንት አዋጣ፣ በምን ተቀጣ፣ ለቀብር ምን ወጣ፣ ድንኳኑና ወንበሩ በስንት ተገዛ፣ ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። የአንድ እድር የሠላሳ ዓመት መዝገብ የኑሮ ውድነትን፣ ስደትን፣ የሰፈርን መለወጥ በቁጥር ያሳያል። እንዲህ ያለው መዝገብ በየሊቀ መንበሩ ቤት ሣጥን ውስጥ እያረጀ መሆኑ ያሳዝነኛል። አንድ ተማሪ አንዱን ብቻ በጥንቃቄ አንብቦ ቢጽፍ ለአገር የሚተርፍ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ስለ ፈቃድ አንድ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ ብዙ ጥሩ ርእስ ያስቀረው እሱ ነው። መሥሪያ ቤቶች ያለ ትብብር ደብዳቤ መዝገብ አያሳዩም። ደብዳቤው ከትምህርት ክፍሉ ይወጣል፤ ይፈረማል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ለሚመለከተው ኃላፊ ይመራል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ርእሱ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ብቻ የሚቆም ከሆነ አደገኛ ነው። ያ በር ቢዘጋ በሌላ ምንጭ መቀጠል የሚችል ርእስ መምረጥ ብልህነት ነው፤ ደብዳቤውንም ርእሱ ሳይጸድቅ፣ ገና በሐሳብ ደረጃ ሳለ መጠየቅ።

ኅዳር 1911

አሁን አንድ ርእስ ይዘን ከላይ እስከ ታች እንውረድ። መነሻው «የጤና ታሪክ በኢትዮጵያ» ይሁን። ይህ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። «ወረርሽኝ በኢትዮጵያ» ብንለውም ገና ሰፊ ነው፤ ፈንጣጣውን፣ ኮሌራውን፣ ታይፈሱን ሁሉ ይጠራል። «የኅዳር በሽታ» ብንል ግን መሬት ነካን። በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የጨረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ክፉኛ የመታት በኅዳር 1911 ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለሞት ተቃርበው ነበር። ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሕዝብ አለቀ።

እግረ መንገዴን የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ላንሣ፤ ጀማሪውን ብዙ ጊዜ ያሳስተዋል። የውጭ ጽሑፎች ይህን ወረርሽኝ 1918 ብለው ይጠሩታል፤ የእኛ ምንጮች 1911። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የተኩስ አቁም ስምምነት የተፈረመበት ቀን በእኛ ኅዳር 2 ቀን 1911 ነው። አውሮፓ ደወል በምትደውልበት ሳምንት አዲስ አበባ ሬሳ ታወጣ ነበር ማለት ነው። ከሁለት ዓይነት ምንጭ የሚሠራ ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንዱን አቆጣጠር ይምረጥ፤ እያንዳንዱን ቀንም በዚያው መልሶ ይጻፍ።

እሺ፤ «የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ» ብለን ጻፍን። ቦታ አለው፣ ጊዜ አለው፣ ክስተት አለው። ይሁንና መዝገብ ስናገላብጥ ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዚሁ ጉዳይ ጽፎ እናገኛለን። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ልቡ ይሰበርና ርእሱን ጥሎ ይሄዳል። ስሕተት ነው። አስቀድሞ የጻፈ መኖሩ መልካም ዜና ነው። ምንጮቹ የት እንዳሉ ያሳያል፤ የተጓዡ ዘገባ፣ የሐኪሙ ማስታወሻ፣ የሌጋሲዮኑ ደብዳቤ የት እንደተገኘ ይነግራል። የተማሪው ሥራ ያ ጽሑፍ ያላነሣውን መጠየቅ ነው።

ምን ይጠየቃል? አንዱን ልጥቀስ። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ቆሻሻ ተጠርጎ በየደጁ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» እንለዋለን። ብዙዎች ልማዱን ከወረርሽኙ ጋር ያያይዙታል፤ ሌሎች ከዚያ በፊትም ነበረ ይላሉ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በአንድ ሰፈር፣ ለምሳሌ በጉለሌ፣ አዛውንቱ ስለዚህ ልማድ አጀማመር ምን ይላሉ? የሚሉትስ በ1911 አቅራቢያ ከተጻፈው ጋር ምን ያህል ይገጥማል? መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ከ1896 እስከ 1922 ያለውን ዘመን ካዩትና ከሰሙት የጻፉበት መጽሐፍ ታትሟል፤ ለማነጻጸር ከዚያ መነሣት ይቻላል። በቅርብ ዓመታት ጭሱ ጤናን ይጎዳል እያሉ ልማዱ እንዲቀር የሚመክሩ ድምፆች ተሰምተዋል፤ ይህም በጋዜጣ ሊታይ የሚችል ሌላ ንብርብር ነው። ተማሪው አሁን የያዘው ስለ ትዝታ ታሪክ ነው፤ ሰነዱና ሰዉ በአውቶቡስ መንገድ ርቀት ላይ ናቸው፤ ጥያቄውም ሁለት መልስ ሊኖረው ይችላል። ከ«ጤና ታሪክ» ተነሥተን አራት ደረጃ ወርደን እዚህ ደረስን። በየደረጃው የወሰንነው ግን አንድ ዓይነት ነገር አይደለም፤ መጀመሪያ ክስተት፣ ቀጥሎ ከተማ፣ ከዚያ ያልተጠየቀ ጥያቄ፣ በመጨረሻም አንድ ሰፈር።

የዓመቱ ወሰን

በመመረቂያ ጽሑፎች ሽፋን ላይ «ከ1933 እስከ 1966» የሚል ደጋግሞ ይገኛል። ከነጻነት እስከ አብዮት። ለመንግሥት ታሪክ ትክክለኛ ወሰን ነው። ለአንድ ገበያ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት፣ ለአንድ ወንዝ ግን ለምን? ንጉሡ ተመለሱ ተብሎ ገበያው በዚያው ዓመት አልተጀመረም፤ ንጉሡ ወረዱ ተብሎም አልተዘጋም። ወሰኑን ከቤተ መንግሥት የተበደረ ጽሑፍ ሠላሳ ሦስት ዓመት ይሸከምና የራሱን ታሪክ መዞሪያ ሳያይ ያልፋል።

ድሬዳዋን እንይ። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር የሐረርን ተራራ ትቶ በቆላው መጥቶ በታኅሣሥ 1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋም በእሱ ተወለደች። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ። ሥራው ለዓመታት ቆመ። አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ለድሬዳዋ ታሪክ ወሰኑ እዚህ ተጽፏል፤ ከተማዋ የመንገዱ መጨረሻ የነበረችባቸው ዓመታት። በእነዚያ ዓመታት ከመርከብ ወርዶ በባቡር የመጣ ዕቃ ሁሉ ድሬዳዋ ላይ ወርዶ ወደ መሐል አገር በግመልና በበቅሎ ይቀጥል ነበር። ሲራራ ነጋዴው፣ ግመል አከራዩ፣ የጉምሩኩ ሹም፣ የግሪክና የአርመን፣ የህንድና የዐረብ ነጋዴው ሁሉ እዚያ ተገናኙ። ባቡሩ አልፎ ሲሄድ ማን ተጎዳ፣ ማንስ ተጠቀመ? ይህ ጥያቄ የሚነሣው ዓመቱ በባቡሩ ሲወሰን ብቻ ነው። በ«1933» የሚጀምር ርእስ ፈጽሞ አያገኘውም።

እንዲሁ የአዲስ አበባን ገበያ የሚያጠና ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ዓመት ጣሊያኖች የጊዮርጊሱን የአራዳ ገበያ ወደ ዛሬው መርካቶ ያዛወሩበት ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት አምስት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ቢወስድ ይበቃዋል።

ሌላም የሚቆጠር ዓመት አለ፤ የምስክሮች ዕድሜ። ብዙ ተማሪ የቃል ታሪክ እሰበስባለሁ ሲል ይህን አይቆጥርም። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጣልና ከተማዋ ለሦስት ቀን ስትታረድ የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ መቶ ዓመት ተጠግቷል። ያንን ቀን በዓይን ምስክር ቃል ለመጻፍ የመጣ ተማሪ እጅግ ዘግይቷል፤ ከልጆቻቸው የሰማውን መጻፍ ይችላል፣ እሱ ግን ሌላ ዓይነት ምንጭ ነው፣ ሌላ ዓይነት ጥያቄም ይፈልጋል። በአንጻሩ በታኅሣሥ 1967 በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የወጡት ተማሪዎች አብዛኞቹ በስድሳዎቹ መጨረሻና በሰባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናቸው። ወደ ስድሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን የዘመቱበት ነገር ነው። ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፤ ብዙዎቹም ኋላ ተሰደው በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም፣ በሌላም ከተማ ይኖራሉ፤ በስልክ ይገኛሉ። የዘመቱበት መንደር ገበሬም አለ። ከሁለቱም ወገን መጠየቅ የሚቻልበት ጊዜ አሁን ነው፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ እንዲህ አይሆንም። ርእስ ለመምረጥ የሚያስቸኩል ነገር ካለ ይህ ነው።

መልሱን ይዞ የሚመጣ ርእስ

በርእስ ዝርዝሮቻችን ላይ የሚበዛ አንድ ዓይነት አቀራረብ አለ፤ የእገሌ «አስተዋጽኦ» ለእገሌ ነገር፣ የእገሊት «ሚና» በእገሌ ጦርነት። ርእሱ ሲታይ ጠባብ ነው። ስም አለው፣ ቦታ አለው። ነገር ግን መልሱ ከጥያቄው ቀድሟል። አስተዋጽኦ አለ ተብሎ ተወስኗል፤ የቀረው ምስክር መሰብሰብ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ማመስገን ይችላል፤ መመርመር ግን ይከብደዋል።

እቴጌ ጣይቱን እንውሰድ። «የእቴጌ ጣይቱ ሚና በዐድዋ ዘመቻ» ከሚል ይልቅ ወደ ጥር 1888 እንሂድ። የጣሊያኑ ሻለቃ ጋሊያኖ ከሠራዊቱ ጋር መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ተከብቧል። ምሽጉ ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ የኢትዮጵያ ጦር ያዘበት፤ ጥም አስጨነቀው፤ በመጨረሻ ለቅቆ ወጣ። ምንጩ እንዲያዝ ያደረጉት እቴጌ ናቸው ተብሎ በአገራችን በሰፊው ይነገራል። ጥያቄው፦ ይህን መጀመሪያ የጻፈው ማን ነው? በዘመኑ ከተጻፈው ጋር ኋላ የተጻፈው ይስማማል? የተጨመረ፣ የተቀነሰ ነገር አለ? መልሱ ለእቴጌ ክብር የሚጨምር ሊሆን ይችላል፤ ጉዳዩ ውስብስብ ነው የሚልም ሊሆን ይችላል። ተማሪው ከመሥራቱ በፊት አያውቀውም። እኔ ርእስ የምመዝንበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ በቅን ልብ ሠርቼ የማልጠብቀውን ላገኝ እችላለሁን? የማይቻል ከሆነ ርእሱ ገና ጥያቄ አልሆነም።

ርእስ ከመጠን በላይ ሊጠብም ይችላል፤ በተለይ ከቤት ሲነሣ። አያትን ወይም የትውልድ መንደርን ማጥናት የሚያስነቅፍ ነገር የለውም። እንዲያውም ስለ ከተሞቻችን ካሉን ጽሑፎች ብዙዎቹ የመመረቂያ ጽሑፎች ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ ስለ አያሌ ከተሞች አጀማመር የምናውቀው ጥቂት ይሆን ነበር። ችግር የሚመጣው ምንጩ አንድ ቤተ ሰብ ብቻ ሲሆን ነው። የሚቃወም ድምፅ የለም፤ የሚያመሳክር ወረቀት የለም። ያኔ ሰውየውን ሳይለቁ ዙሪያውን ማስፋት ይረዳል። አያት ቀኛዝማች ከነበሩ «የቀኛዝማች እገሌ የሕይወት ታሪክ» ከሚል ይልቅ፣ በዚያ ወረዳ የመሬት ክርክር በእነዚያ ዓመታት እንዴት ይዳኝ እንደነበር ማጥናት ይሻላል። አያትም ይገኙበታል፤ ተከራካሪዎቻቸውም ይገኙበታል።

ወደ ሥራው ስንገባ ርእሱን ለአማካሪ ከማቅረብ በፊት በአንድ አንቀጽ ጽፎ ማየት ይጠቅማል። የእድገት በኅብረት ዘመቻን የመረጠች ተማሪ እንዲህ ጻፈች እንበል፦ «የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆንና ቢያንስ ሃያ ጋሻ መሬትን የሚያካልል የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ሲታወጅ፣ በእናቴ አገር ወረዳ የተመደቡ ዘማቾች ማኅበሩን ሲያደራጁ የመጀመሪያዎቹን መሪዎች ማን መረጣቸው? ከየካቲት 1967 እስከ 1968 መጨረሻ ያለውን አጠናለሁ። ምንጮቼ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያለው የማኅበራት መዝገብ፣ የዘመኑ አዲስ ዘመን ጋዜጣ፣ አድራሻቸውን ያገኘኋቸው አምስት የቀድሞ ዘማቾች፣ እንዲሁም በሦስት ቀበሌ ያሉ አዛውንት ገበሬዎች ናቸው።»

ጥሩ አማካሪ ይህን አንብቦ ዝም አይልም። መዝገቡን በዓይንሽ አይተሽዋል ወይስ አለ ብለው ነገሩሽ? ይላታል። ዘማቾቹ ሁሉ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ከሆነ አንድ ወገን ብቻ አይሰማም ወይ? ባላባቱ ወገንስ? መሬታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ልጆች በዚያ ወረዳ አሉ፤ እነሱን ለምን ተውሽ? መጨረሻውን 1968 ያልሽው ዘማቾቹ ስለተመለሱ ነው ወይስ ማኅበሩ ስለተለወጠ? ሦስት ቀበሌ ከምትይ አንድ ቀበሌ ይዘሽ ሁሉንም ወገን ብትጠይቂ አይሻልም?

የመጨረሻውን ምክር ብትቀበል ሥራው ይቀልላታል። በአንድ ቀበሌ ያሉ አዛውንት ጥቂት ናቸው፤ በሁለት ሳምንት የመስክ ቆይታ ተራ በተራ ማነጋገር፣ ቃላቸው የሚለያይበትንም ነገር ይዞ ተመልሶ መጠየቅ ይቻላል። ባላባቱን ወገን ለመጨመር የሚሆን ጊዜ ከዚያ ይገኛል። የትብብር ደብዳቤው በመጀመሪያው ሳምንት ከተጻፈ፣ መዝገቡም ካለ፣ በአራተኛው ሳምንት ወረዳው ልትገኝ ትችላለች፤ መዝገቡ ከሌለ ደግሞ ገበሬውና ዘማቹ አሉ፣ ጥያቄው አይወድቅም።